ሰማያዊ ሳፋ የያዘው ማስታወቂያ

ማስታወቂያዎቹ ከድረ ገጼ ወጥተው በእግራቸው መሄድ የጀመሩት በጥቅምት ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ አልሰማሁም።

ፈለቀ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ተማሪ ስመዘግብ ወላጆቹን "ለምን እንዲህ አላችሁት?" ብዬ የመጠየቅ ልማድ ነበረኝ። መልሳቸውን በደብተር እይዝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ደብተሮቹን "ስምና ትርጓሜው" የሚባል ድረ ገጽ አደረግኋቸው። አራት ሺህ ሦስት መቶ ስም አለበት። ለልጁ ስም የሚፈልግ ሰው ገብቶ ያነባል።

መስከረም ላይ ማስታወቂያ አስገባሁበት። ማስታወቂያውን የሚያቀርበው ድርጅት የግላዊነት ፖሊሲ የሚባል ገጽ እንድጨምር ደንብ ልኮልኝ ነበር፤ ስለ አንባቢዎቼ ምን እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚያየው የሚናገር ገጽ። ደንቡን አነበብኩት። የስም ትርጉም ምን ምስጢር አለው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ዕለት አምስት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቆ ሰማያዊ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ የታቀፈ ሰው አለ። ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው ተወልውሏል። በየሠላሳ ሰከንዱ ፈገግ ይላል።

"የስሙ ድረ ገጽ ባለቤት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ግቡ።"

ሁለቱም ገቡ። ሰውየው ሳፋውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ሴትየዋን ማስተዋል እንበላት። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ይህን የመረጠችው ራሷ ናት። ታሪኩን የምናገረውም ፈቅዳልኝ ነው። ከበቆጂ በሚኒባስ መጥታለች። ሰውየውም አብሯት ተሳፍሮ መጥቷል።

"ቅዳሜ ጠዋት በር ስከፍት ቆሞ አገኘሁት" አለች። "አይሳደብም፣ ልግባ አይልም። ሳፋውን ብቻ ያሳያል። ከየት መጣህ ስለው 'ካነበቡት የስም ድረ ገጽ' አለኝ። የምንኖረው ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ትናንት 'ይህ ሰው ሳፋውን ለማን ነው ያመጣው?' ብለው ጠየቁኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ቤት ተሳስቶ ነው አልኳቸው።"

"አልተሳሳትኩም" አለ ሰውየው በትሕትና።

ስለ እሷ ምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። ወረቀት ሳያይ ነገረኝ።

"መስከረም ሃያ ስምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከበቆጂ፣ በስልክ ገቡ። መጀመሪያ ምትኩን አነበቡ። ቀጥሎ ካሳዬን። ማስረሻ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩ። በመጨረሻ ኑርልኝን ከፈቱ፤ ሦስት ጊዜ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ለጻፈ ሰው ከዚህ በላይ አይነገረውም። ምትኩ በሞተ ልጅ እግር የተተካ ነው። ካሳዬ ለጠፋው ካሣ ነው። ማስረሻ ሐዘን እንዲያስረሳ ይወጣል። ኑርልኝ ስም ብቻ አይደለም፣ ልመና ነው። ቀና ብዬ ሳያት ማስተዋል ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ሦስት ጊዜ አስወርዶኛል" አለች። "ሁልጊዜ ቶሎ እናገራለሁ፤ ሁልጊዜም ሰፈሩ ሁሉ ከሰማ በኋላ ይሆናል። ሰው ሲያጽናናኝ መልስ መስጠት አቃተኝ። አሁን አራት ወር ሆኖኛል። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። እስኪጸና የእኔ ብቻ ይሁን ብዬ ነው።"

ወደ ሰውየው ዞርኩ። "አማቷ አንተኑ ቢጠይቁህ ትናገራለህ?"

"እናገራለሁ። አትናገር የሚል የተጻፈ ነገር የለም። የግላዊነት ገጹን ፈልጌው ነበር፤ አላገኘሁትም።"

እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት።

"ጥፋት ልቆጥር አልመጣሁም፣ ጋሼ። ገጹን ይጻፉልኝ። ሳይመሽ ቤቴ መመለስ አለብኝ።"

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ከሌላ ድረ ገጽ አንድ ረጅም ፖሊሲ ገልብጬ ስሙን ብቻ ቀየርኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሳም።

"አልገባኝም" አለ።

"እኔም አልገባኝም" አለች ማስተዋል። "ለአማቴ እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉት።"

አጠፋሁትና እንደገና ጀመርን። ሰውየው የሚያየውን ይናገራል፣ እሷ ቃሉን ታቀለዋለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ይላል፦ "ይህ ድረ ገጽ ማስታወቂያ ያሳያል። ማስታወቂያው የትኛውን ስም እንዳነበቡ፣ መቼና ከየት እንደገቡ ያያል። ያየውን የሚያስታውሰው ስልክዎ ላይ በሚያስቀምጣት ኩኪ በምትባል ትንሽ ፋይል ነው። እንዲያስታውስ ካልፈለጉ 'አይሆንም' ይበሉ። ስሞቹን እንደ ልብዎ ማንበብ ይችላሉ።"

ከሥሩ "እሺ" እና "አይሆንም" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ሠራሁ። "አይሆንም"ን አነስ ላደርጋት ስል ሰውየው በትከሻዬ በኩል አየኝ።

"እኩል ይሁኑ" አለ። እኩል አደረግኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጹ ወጣ። ማስተዋል ስልኳ ላይ ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ "አይሆንም"ን ነካች።

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ማስተዋልን መንገድ ላይ እንዳገኛት ሰው አያት።

"ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?"

"አንተዋወቅም" አለች።

"ተመስገን" አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ከቅዳሜ ጀምሮ የከበደኝ ነገር ነበር። ምን እንደነበር አላውቅም። ብቻ እግዜር ይስጥልኝ።" መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆኝ ሳፋውን ታቅፎ ወጣ። ፈገግ አላለም፤ ፊቱ ግን ያረፈ ሰው ፊት ነበር።

ማስተዋል ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል በሶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ባዶ እጄን ሰው ቤት አልሄድም" አለች። "ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጋሼ ፈለቀ።"

ልትረግመኝ የሚገባት ሴት በሶ ይዛልኝ መጥታለች። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲነሳ እጄን አነሳሁ፤ እስኪጠፋ ድረስም አላወረድኩትም።

በዚያ ሳምንት ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዲት የአርባ ምንጭ ሴት ደጇ ላይ የቆመው አልጋ ሻጭ መሄዱን ጽፋ አመሰገነችኝ። አንድ የደብረ ታቦር ሽማግሌ ደግሞ "እሺ"ን እንደነኩ ጻፉልኝ። የእሳቸው ማስታወቂያ ምርኩዝ የያዘ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አብረው ዳማ ይጫወታሉ። "ይህን አትውሰዱብኝ" ብለዋል። አልወሰድኩባቸውም።

መጋቢት ላይ ማስተዋል ደወለች። ከድምፅዋ በስተጀርባ ሕፃን ያለቅሳል።

"ሰባት ወር ሲሞላኝ በራሴ አፍ ነገርኳቸው" አለች። "አማቴ እንዴት ቻልሽው ብለው አለቀሱ። ባሌ ወጥቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና ተመለሰ።"

ከዚያ ስሙን ነገረችኝ። ከአራት ሺህ ሦስት መቶዎቹ ውስጥ የሌለ ስም ነው። ትርጉሙን ስትነግረኝ መነጽሬን አወለቅሁ።

"ልጻፈው?" አልኳት።

"ለእርስዎ ነው የነገርኩት፣ ጋሼ።"

አልጻፍኩትም። ደብተር ላይም አላሰፈርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ድረ ገጹን ስከፍት በሁለት ስሞች መካከል አንድ ባዶ መስመር አገኘሁ። ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። በየትኛው ፊደል ሥር እንደሆነ አልናገርም። ጣቴን ሳሳርፍበት መስመሩ ይሞቃል፤ በዝግታ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደተኛ ሕፃን ደረት ከፍ ዝቅ ይላል።