የወረደው የዘይት ግፊት

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የከተማው ውሃ ጣቢያ ውስጥ ፓምፕ ሲጠብቅ ነው። እዚያ አንድ ሕግ ነበር፤ የግፊቱ መርፌ ከወረደ መጀመሪያ ታጠፋለህ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ። ጡረታ ወጥቶም ሕጉ ከአጥንቱ አልወጣም። ሚስቱ፣ "ይሄ ሰውዬ ሻይ እንኳ ሲፈላ መርፌ ይፈልጋል" እያለች ትስቅበት ነበር።

አሁን ግን ሳቋም ደክሟል። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ቤቷ ትረፍ ብለው መልሰዋታል። የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ዳገቱ ማዶ ያለችውን፣ እግሯ አልታዘዝ ያላትን ታላቅ እህቷን አይታ መመለስ። አብራቸው ያረጀች መኪና ነበረቻቸውና "ቅዳሜ እንመጣለን" ብለው ደወሉ።

የመኪናዋ የዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ማንም ግድ ብሎት አያውቅም። ባልየው ለዚህ መንገድ ብሎ አዲስ ገጠመላት። ምን አለ ባይገጥም! ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሞተሩ ግሎ መኪናዋ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ግን ወደ ታች ወረደ። የሰውየው ልብም አብሮ ወረደ።

"ጋሼ፣ ዘይት ሲግል ይቀጥናል" አለው ጎረቤቱ መካኒክ። "ሞተሩ ቀስ ሲል ደግሞ ፓምፑም ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። ነዳጅ ሲረግጡ ይነሳል አይደል?"

"ይነሳል።"

"እንግዲያው ለአሮጌ ሞተር ይሄ ጤና ነው። እየነዱ ቢወርድ ነበር የሚያስፈራው።"

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሞተሩን ከሥር ፈታው።

"አንተ ሰው፣ እንሂድ በቃ" አለችው ሚስቱ በመስኮት። "ብትቆምም አብረን እንቆማለን።"

"ትንሽ ታገሺኝ የኔ ዓለም። አንቺን ይዤማ መንገድ ላይ አልቀርም።"

ቅዳሜ አለፈ። የሚተሻሹትን ብረቶች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ጭረት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ሰኞ መልሶ ገጥሞ ሲያስነሳው መርፌው ያው ነው፤ ሲግል ይወርዳል፣ ሲረግጡት ይነሳል። እጁ ዘይት እንደነካው፣ ደስ ብሎት ሊነግራት ሮጠ። አልሰማችውም። እጇን ቢይዘው ቀዝቅዟል።

ለእህቷ በስልክ ለመንገር የደፈረ አልተገኘም። በማግስቱ ማለዳ፣ ከቀብሩ በፊት ሊያመጣት እሱው ሄደ። መኪናዋ ዳገቱን አንዴም ሳትስል ወጣችው። ያን መንገድ ሁሉ ምነው በተበላሸች እያለ ነበር የሚነዳው።

አሮጊቷ የሞተር ድምፅ ሰምታ በምርኩዝ ወጣች። እሱን ዞር ብላም አላየችው፤ የኋላውን በር ከፈተችና ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

"ምነው ቆያችሁ? የታለች?"

በመንገድ ሲያዘጋጀው የመጣው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

"እትዬ፣ ሞተሩ ደህና ነበረ" አላት። "ምንም አልነበረበትም።" መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።