«ደህና ናት» የሚለው ገጽ

ሄርማታ ገበያ ዳር ኢንተርኔት ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ፣ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ «የሙከራ ሥሪት» ብሎ ሲለጥፍ ማየት ያበግነኛል። ቤቱን ጣራ ሳያለብስ ተከራይ የሚያስገባ ሰው ሌባ ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ግን ሥልጣኔ ነው።

እትዬ ዘይቡ ሐሙስ ሐሙስ ከአጋሮ ጀንፈል ቡናቸውን ለገበያ ይዘው ሲመጡ እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ልጃቸው ፈድሊያ ሰው ቤት ልትሠራ ዓረብ አገር ሄዳ ስልኳ ከተዘጋ ቆይቷል። የላካት ኤጀንሲ ለቤተሰብ ብሎ ያወጣው ድረ ገጽ አለ። ስሟን ስጽፍ ፎቶዋ ይመጣል፤ ከሥሩ «ደህና ናት» ይላል። እትዬ ዘይቡ ፎቶውን በመዳፋቸው ዳብሰው «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ከገጹ አናት ላይ ያለችውን ቀይ ጽሑፍ ምን እንደምትል ጠየቁኝ።

«ገና ሙከራ ላይ ነው ትላለች» አልኳቸው።

«እኔ ግን ልጄን ለሙከራ አልላክኋትም» አሉ።

ከረመዳን በኋላ ረይሃና የምትባል ጎረቤታቸው ከዚያው አገር ተመለሰች። ፈድሊያ ከፎቅ ወድቃ ከሞተች ወራት እንዳለፉ ለሽማግሌዎች ነገረች። እነሱም እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ሄደው አረዷቸው። እትዬ ዘይቡ ግን አላለቀሱም። ሰዎቹን እዚያው ጥለው በመጀመሪያው መኪና እኔ ዘንድ መጡ።

«ለይኩን ልጄ፣ ፈድሊያ ሞተች ይሉኛል፤ ክፈትልኝ።»

ከፈትኩ። «ደህና ናት» ይላል።

«አየህ!» አሉ። ፊታቸው በራ። ገጹ እንደማይታመን እኔ ከምነግራቸው ኤጀንሲው ራሱ ይንገራቸው ብዬ ወደ ቢሮው ወሰድኳቸው።

ገጹን የሠራው በረከት የሚባል ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ፈድሊያ መሞቷን ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?»

«በምን ልቀይረው? ከ‹ደህና ናት› ሌላ ቃል አላስገባንበትም። መርዶ በኮምፒውተር ይነገራል እንዴ? ነውር ነው! እሱ እስኪታሰብበት ብለን ነው ሙከራ ያልነው። አለቃዬ ደግሞ ‹ሙከራ እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቀንም፣ ቀዩን ጽሑፍ እንዳታነሣው› ብሎኛል።»

ልመታው እጄን ሳነሣ እትዬ ዘይቡ ያዙኝ።

«ሐሙስ ሐሙስ ደህና ናት ሲለኝ የነበረው፣ ማን አይቷት ነው?» አሉት።

«ማንም» አለ በረከት። «የተመዘገበች ቀን የተጻፈ ነው፣ እማማ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«ኢንተላ ኮ! ልጄን!» ብለው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ጎህ ሲቀድ እምቢ ያሉትን ለቅሶ በባዳ ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ አወጡት። ደግፎ የሚያስለቅሳቸው ዘመድ እንኳ አልነበረም። አቅፌያቸው አብሬ አለቀስኩ።

ውጭ ለመመዝገብ የተሰለፉት ልጃገረዶች ሁሉንም ሰሙ። አንዷም ከሰልፉ አልወጣችም።