የእንዳለው መኪና መሪ

ኢብሮ አሮጌ መኪና እየገዛ ዕቃውን ፈታቶ የሚሸጥ የሮቢት ሰው ነው። ቆቦ፣ ደመቀች ግቢ መጥቶ የሟች ባሏን የእንዳለውን ላንድክሩዘር ዙሪያውን አየው። ገብቶ መሪውን ቢይዘው ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጁ ታገለው፤ እምቢ አለው። ወረደና ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማዎቹን አየ።

«እትዬ፣ ይሄ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ጎማው ካልታጠፈ ደግሞ በዚያ በር አይወጣም፤ አፍንጫው ወደ ግንቡ አዘንብሏል» አለ። «ቅዳሜ መቁረጫ ይዤ ልምጣና እዚሁ ቆራርጬ ልጫነው።»

«አይቆረጥም» አለች ደመቀች።

«እና በምን ይውጣ?»

«አንተ ቅዳሜ ና። መሪውን እኔ አላቅቀዋለሁ።»

ኢብሮ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

መኪናው እዚያ ጥግ የቆመው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ባሏ እንዳለው ከቆቦ ጎብዬ ገበያተኛ ሲያመላልስበት የኖረውን መኪና እንዳይወስዱበት ብሎ ከግንቡ አስጠግቶ በማሽላ አገዳ ሸፈነው። ስኳር ነበረበት፤ መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒቱ ሲያልቅ ቤቱ ውስጥ እንደተኛ አረፈ። አገዳውን ከብት በላው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከፊት ጎማዎቹ ሥር እየተኛ ብረቱን አዛገው። አንድ ልጃቸው ትዕግሥት ባልና ሥራ ይዛ ኮምቦልቻ ናት። «ሽጪውና እኔ ጋ ነይ» ትላለች በስልክ። ደመቀች ለመሸጡ ተስማምታለች። ስለ መሄዱ ሲነሳ ግን ወሬ ታስቀይራለች።

በማግሥቱ የባሏን ቱታ ለበሰች። እጅጌው ረዘመባትና ጠቀለለችው። ክሪኩን ከጓዳ አውጥታ የመኪናውን ፊት አነሳች፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደራርባ ደገፈችውና በጀርባዋ ገባች። ያን ሁሉ ዘመን መሣሪያ ስታቀብለው ብትኖርም ከሥር ገብታ አታውቅም። የእሷ ቦታ ከላይ፣ መሪው ጋ ነበር። እሱ ከታች ሆኖ «ወደ ቀኝ!» ሲል ታዞራለች፤ «ወደ ግራ!» ሲል ትመልሳለች። የላላውንና የያዘውን የሚያየው እሱ ነበር።

መሪውን ከጎማዎቹ የሚያገናኘው ዘንግ ዝገቱ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነስቶበታል። መጋጠሚያዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረገች፤ ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላባቸው አሳደረቻቸው። በነጋታው በመዶሻ ዙሪያቸውን ቀስ እያለች መታች። ዳዶዎቹ እምቢ ሲሏት መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክታ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። አንዱ ሲለቅ ክርኗ ከመሬት ጋር ተላተመ። ደሙን በቱታው ጠርጋ ቀጠለች።

ዘንጉ ሲለያይ መሪው ለብቻው ያለ ችግር ዞረ። የቀኙም ጎማ በእጇ ስትገፋው ታጠፈ። የግራው ነው ያልተነቃነቀው። በሽታው ያለው እሱ ጋ ነው ማለት ነው። ጎማው የሚታጠፍበትን ቦታ በናፍጣ አርሳ ብዙ ጠበቀች፤ ከዚያ ዘንጉን መልሳ አሰረችና መዶሻዋን ይዛ ከሥር ገባች።

«ወደ ቀኝ!» አለች።

ላይ ማንም አልነበረም። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። መዶሻውን ደረቷ ላይ አስቀምጣ የሞተሩን ሆድ እያየች ቀረች። እንባዋ ወደ ጆሮዎቿ ወረደ።

«ደሙ! ማንን ነው እምታዢው?» የጎረቤቷ የሳሊሀ ድምፅ ነው፤ ከግንቡ ማዶ።

«ማንንም።»

ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተ። የሳሊሀ ጫማ ወደ መኪናው ሲመጣ ከሥር ታያት። ሳሊሀ ጎንበስ ብላ ፊቷን አየችና ቀሚሷን ሰብስባ ሾፌሩ ቦታ ላይ ወጣች።

«ቀኝ እምበላበት እጅ ነው አይደል?»

ደመቀች በእንባዋ መሃል ሳቀች። «እሱ ነው። አታስገድጂው፤ ወዲህ ወዲያ እያልሽ አስለምጂው።»

«ቢስሚላህ።»

መጀመሪያ ብረቱ ጮኸ እንጂ አልሄደም። አንዷ ከላይ ስታዞር ሌላዋ ከታች ስትመታ የዝገት ዱቄት ደመቀች ላይ ዘነበ። ከዚያ ጎማው የጣት ውፍረት ያህል ሸርተት አለ።

«ሄደ! ሳሊሀ፣ ሄደ!»

«አልሐምዱሊላህ! ልጨምር?»

የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ጎማው ከጥግ እስከ ጥግ ይታጠፍ ነበር። ሳሊሀ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ወደ ሞሉት ቤቷ ተመለሰች። ደመቀች መሪው ጋ ተቀምጣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞረችው። ለትዕግሥት ደወለች።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ መልሼ ልደውል?»

«ይሁን ልጄ። መሪው ተላቀቀ ልልሽ ነው።»

«የምን መሪ?» አለች ትዕግሥት፤ መልሱን ሳትሰማ ስልኩ ተቋረጠ። ያን ቀን መልሳ አልደወለችም።

ቅዳሜ ኢብሮ በሚጎትተው መኪናና በላንድክሩዘሩ መካከል የብረት ዘንግ አሰረ። መሪውን በአንድ እጁ ሞከረና ዞር ብሎ አያት። «ማን ሠራልዎት?»

«እኔና ጎረቤቴ። እስከ አስፋልቱ መሪውን ልያዝልህ?»

«በቀስታ ነው እምሄደው። ይግቡ» አለ ኢብሮ።

መኪናው ከጥጉ ተነቀለ፤ ጎማው ታጠፈና በሩን ሳይነካ ወጣ። ደመቀች መንገዱን ሳይሆን መሪው ላይ ያሉትን እጆቿን ነበር የምታየው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያታል፤ አንዳንዱ እጁን አነሳላት። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ የኢብሮ ረዳት በሩን ከፈተላት። ወረደችና እሱ መሪውን ያዘ። መኪናው ጥቁር አቧራ እያራገፈ፣ አንድም ገበያተኛ ሳይጭን፣ በሮቢት በኩል እስኪጠፋ ቆማ አየችው።

አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ።

«ወዴት ነዎት እናቴ?»

ደመቀች ወደ ግቢዋ ዞረች። «ወደ ቤት» አለች። ግን አልተሳፈረችም። ባጃጁ ሌላ ሰው ፍለጋ ሲሄድ እሷ የመንገዱን ዳር ይዛ በእግሯ ተመለሰች።