የኬርቱ የጠመኔ ምልክት

በአዳራሻችን የቆየ ልማድ አለ። የመረብ ኳስ ልጆቻችን በየመስከረሙ ጣታቸውን የጠመኔ ዱቄት ውስጥ ነክረው ይዘላሉ፤ የደረሱበትንም ግድግዳ ይነካሉ። የሁሉም ይጠረግና ከፍተኛው ብቻ ይቀራል። ጠራጊው እኔ ነኝ፤ አዳራሹን የምጠብቀው።

የኬርቱ ምልክት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ። ኬርቱ ስትወርድ በግራ እግሯ ብቻ ታርፍ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቷ ከዳት። በዚያው ዓመት በረዶ የሠራውን የሳይማን ሐይቅ በምርኩዝ ስታቋርጥ ደግሞ በረዶው ከዳት፤ ሰጥማ ቀረች።

ዘንድሮ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሂልያ በጥቂት በለጠቻት። መሰላል ላይ ወጥቼ የኬርቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ።

በማግስቱ ሂልያ በግራ እግሯ ብቻ ማረፍ ጀመረች።

አሠልጣኙ ራይሞ ከግድግዳው ሥር ወለሉ ውስጥ ሁለት ሚዛን ቀብሯል፤ ለየእግሩ አንድ። ቀድሞ ሁለቱ እኩል ያሳዩ ነበር። አሁን የቀኙ ባዶ ሆነ። ራይሞ መንደርደሯን፣ የእጇን ውንጨፋ፣ የጉልበቷን እጥፋት ደጋግሞ አየ፤ አነሳሷ ላይ እንከን አጣ። ሽመላ ሆንሽ ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች ጉልበቷ ገናን አያይም ብሏል፤ የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

እኔ አስተራረፍን በጆሮዬ ነው የምለየው። ሐሙስ ጀርባዬን ሰጥቼ ስጠርግ የኬርቱን ሰማሁ። ዞር ስል ሂልያ ነበረች።

«ጋሽ ቬይኮ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ስወርድ ቀኝ እግሬን የሚይዘኝ ሰው አለ።»

«እጁ ምን ይመስላል?»

«እርጥብ ነው።»

መሰላሉን አመጣሁ። የኬርቱን ምልክት መልሼ እንዳልሥለው ልኩን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ የሂልያን ጠረግሁት።

«የኔን እኮ ነው ያጠፉት፣ ጋሽዬ። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን።»

«ዝለይ። ግድግዳውን አትንኪ።»

ተኮሳትራ ዘለለች። ስታርፍ ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ድምፅ ወረዱ። ሚዛኖቹ እኩል አሳዩ።

ቅዳሜ ተመረጠች።

ሰኞ ጧት አዳራሹን ስከፍት ባዶው ግድግዳ ላይ አራት የጣት ምልክት አየሁ። ያኔ የኬርቱ ልክ ትዝ አለኝ። የግራው ሚዛን በርቷል። ላዩ ላይ የአንድ እግር ዳና ውሃ አቁሯል።

ውሃውን ብቻ ጠረግሁ።