ደረቅ መብረቅ ስንት ያገኛል?

ሽማግሌዎቹ የመጡት በቅበላው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ የሞጣ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ነው። ሦስት ነበሩ። በዋዜማው ከቢቸና መጥተው ዘመድ ቤት አድረው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የአቶ ባየን በር አንኳኩ። በማግስቱ ዓቢይ ጾም ይገባል፤ ጾሙ ከገባ ደግሞ የሰርግ ወሬ እስከ ፋሲካ አይነሳም። ያቺ ቀን እንድታመልጣቸው አልፈለጉም።

ሥርጉት ጓዳ ሆና፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ድምፃቸውን ሰማች። የያዘችውን ብርጭቆ ማስቀመጥ እንኳ ተሳናት። የላካቸው ባንተአምላክ ነው። እሷ ለእሱ እሺ ካለች ቆይታለች። በዚህ ቤት ግን እሺ የሚሉት አባቷ ናቸው፤ አቶ ባየ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍና ስንዴ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሳይመዝኑ እሺ የማይሉ ሰው ናቸው።

እሷና ባንተአምላክ የተዋወቁት ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር "ደረቅ መብረቅ" የሚባል የሄቪ ሜታል ባንድ ነበረው። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ዘፋኙ፣ ማለትም እሱ ራሱ፣ ቃሉን ከሆዱ እየጎተተ በጩኸት ያወጣዋል። ሲለማመዱ ተማሪው ጆሮውን ይዞ ያልፍ ነበር። አንድ ከሰዓት ዝናብ ያዛትና የሚለማመዱበት ክፍል በር ሥር ተጠለለች። ዝናቡ ካባራም በኋላ አልሄደችም።

"ምንድን ነው የምትለው?" ብላ ጠየቀችው፣ እንደምንም ብላ። ከጩኸቱ የተነሳ አንድ ቃል አልለየችም ነበር።

እሱም ጊታሩን አስቀምጦ ግጥሙን በለሆሳስ ነገራት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዘፈን ባወጣ ቁጥር፣ ማንም ሳይሰማው፣ ግጥሙን በስልክ ለእሷ ያነብላታል።

አሁን እሱ ቢቸና ላይ የሞባይልና የቴፕ ጥገና ሱቅ አለው፤ እሷ ሞጣ በአንድ ክሊኒክ ደም ትመረምራለች። በመካከላቸው እንደ ግንደወይን ያሉ ጥቂት ትናንሽ ከተሞች ብቻ ናቸው ያሉት። ይሁን እንጂ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ኔትወርኩም አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሁለቱም አንድ ላይ የሚጠፉበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ከእሱ የሚቀራት ስልኳ ላይ የጫነችው ዘፈን ነው። ያን ሁሉ ጩኸት በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሹክሹክታ ትሰማዋለች።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ አባቷ ሳሎን ውስጥ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ ሣህለ ማርያም። ከሦስቱ በዕድሜም በንግግርም የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። "ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።"

የልጁን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የአያቶቹን አገር ተናገሩ። አቶ ባየ ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁ።

"ሥራውስ?"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥርጉት ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ሽማግሌዎቹ የጥገና ሱቁን ብቻ ለመናገር አስበው ነበር፤ ባንተአምላክ ግን "ሙዚቀኛ መሆኔን ከደበቃችሁ አትሂዱልኝ" ብሏቸዋል።

"የጥገና ሱቅ አለው" አሉ መሪጌታ። "ደግሞም፣ እንግዲህ፣ ሙዚቀኛ ነው።"

"አዝማሪ?"

"ኧረ አይደለም! የፈረንጅ ዓይነት ነው። ሄቪ ሜታል ይሉታል።"

"ሰርግ ላይ ይጫወታል?"

"ይህንንማ ሰርግ ላይ ቢጫወተው ሙሽራይቱ ትጠፋለች" አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፤ መሪጌታ በዓይናቸው ገሠጿቸው።

"ታዲያ የሚከፍለው ማን ነው?" አሉ አቶ ባየ።

"ባሕር ማዶ ይህን የሚጫወቱ ሰዎች የራሳቸው አውሮፕላን አላቸው አሉ።"

"እሱስ?"

"እሱ ለጊዜው ባጃጅ ነው የሚሳፈረው።"

ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን ያዩት ሁለተኛው ሽማግሌ፣ የባንተአምላክ አጎት አቶ ገላው፣ አላስቻላቸውም። "እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር" አሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀርበው። "ስልኩ ላይ፣ ከዘፈኑ ሥር ተጽፏል። 'ዘፈናችን እዚህ ደረሰ አጎቴ' ብሎ ራሱ ነው ያሳየኝ። አርባ አንድ ሺህ!"

"አርባ አንድ ሺህ ብር?"

"ታዲያ ምን ሊሆን ነው?"

"በዓመት?"

አቶ ገላው ትንሽ አሰቡ። ለሽምግልና የቆመ ሰው ወደ ታች አያስብም። "በወር" አሉ።

"በወር" አሉ አቶ ባየ፣ ድምፃቸው ላልቶ። "ይርጋነሽ፣ ለእንግዶቹ ወንበር አቅርቢ እንጂ።"

የሥርጉት እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ ወደ ሳሎን ከመውጣታቸው በፊት የልጃቸውን ክንድ ቆንጠጥ አደረጉ። "ሰማሽ?" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

ሰምታለች። አርባ አንድ ሺህ ምን እንደሆነ ግን ከዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዘፈኑ ያመጣውንም ገንዘብ ታውቀዋለች። ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ለአራት ተካፈሉት፤ ለባንተአምላክ የደረሰው ከቢቸና ሞጣ ደርሶ መልስ የሚኒባስና የአንድ ምሳ ዋጋ ነበር። በዚያው ብር መጣ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ትሪ ላይ በሉ፤ "የሙዚቃዬን ገቢ እየበላሽው ነው" ብሎ ሳቀባት። ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው መኪና ተመለሰ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ረጅም ጊዜ እዚያው ቆማ እንደነበር አልነገረችውም።

አሁን ዝም ብትል ባንተአምላክ ሙሽራ ሆኖ ይመጣል። በሌለው ገንዘብ ግን ነው የሚመጣው፤ "አትደብቁ" ያለው ሰው። ብትናገር ደግሞ ምናልባት ጭራሽ አይመጣም።

በሽምግልና ቀን ልጅቷ ሳትጠራ አትወጣም። ሥርጉት ሳትጠራ ወጣች።

"አባባ፣ ብር አይደለም።"

ሁሉም ዞረው አዩአት። እናቷ ወንበሩን እንደያዙ ቀሩ።

"ምኑ ነው ብር ያልሆነው?"

"አርባ አንድ ሺሁ። ዘፈኑ የተሰማበት ቁጥር ነው። ሰው ነው።"

"ሰው?" አሉ አቶ ገላው፣ አሁን ገና እንደ ባነኑ።

"አዎ ጋሼ።"

"አይ አቶ ገላው" አሉ አቶ ባየ። "እህል ቢሆን ይህን ሚዛን ይዘው ገበያ አይገቡም ነበር።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ገንዘቡስ?"

"ዓመት ሙሉ ለእሱ የደረሰው ከቢቸና እዚህ ደርሶ መልስ የመኪና ነው። ምሳም ጨምሮ።"

"ምሳ መጨመሩን በምን አወቅሽ?"

ሥርጉት መሬት መሬት አየች። መሪጌታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

"ባለ አውሮፕላኖቹስ ልጄ?" አሉ ወዲያው፣ ሊያድኗት ብለው። "እነሱም ውሸት ናቸው?"

"እነሱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው መሪጌታ። ሌሎቹ እዚያም ቢሆኑ ዘፈኑ አያኖራቸውም። ከአገር አገር እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ስማቸው የታተመበት ካናቴራ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው።"

"የካናቴራ ነጋዴዎች ናቸዋ" አሉ አቶ ባየ። ቀጥለውም ነገሩ እየከነከናቸው፣ "አርባ አንድ ሺህ ሰው ሰምቶ በነጻ ሄደ? እስቲ አሰሚኝ ምን ቢሆን ነው።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የሚኒባስ ሞተር ሲነሳ ይሰማል፤ ቢቸና መናኸሪያ ላይ የቀዳው ነው። ከዚያ ጊታሩ ገባ፣ ከዚያ ከበሮው፣ ከዚያ የባንተአምላክ ጩኸት። የቤቱ ቆርቆሮ የተነቀለ መሰለ። እናቷ አማተቡ።

"ልጁ ታሟል እንዴ?" አሉ አቶ ባየ።

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። "የጨነቀው ሰው ድምፅ ነው" አሉ ሲያልቅ። "ቃሉ ግን አልተያዘልኝም።"

"እኔም አንድ አልገባኝም። ምን ይላል?" አሉ አባቷ፣ እሷን እያዩ።

ሥርጉት ይህን ግጥም ከአፏ አውጥታ አታውቅም። እሱ በስልክ ሲያነብላት እንኳ እሷ ዝም ነበር ያለችው። እጇን ከነጠላዋ ሥር አጣምራ፣ ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ጀመረች።

"መኪናው ግንደወይን ላይ ሲያርፍ ልቤ አያርፍም፣ ይላል። ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ሞጣ ስደርስ ቀድሞኝ ደርሶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘዋለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ይላል። መብራቱን አይቼ እመለሳለሁ። በሩን ግን አላንኳኳም።"

"ሞጣ ነው የሚለው?"

"አዎ አባባ።"

"የማን ቤት ነው?"

አቶ ባየ በሩን አዩት፤ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ያንኳኩትን በር።

"እንግዲህ አርባ አንድ ሺህ ሰው ሲሰማ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኛ" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሱ። ዘመድ ላማክር። ስትመጡ ስለ ጥገና ሱቁ ንገሩኝ፤ ስንት ሰው ይመጣል፣ ኪራዩ እንዴት ነው፣ እሱን። ስለ ዘፈኑ ሰምቻለሁ።"

ቀጠሮ እሺ ማለት አይደለም፤ እምቢ ማለትም አይደለም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። አቶ ገላው ሥርጉት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ "አደራ፣ በወር ማለቴን ለልጁ እንዳትነግሪብኝ" አሏት። ቢቸና የሚሄደው መኪና ሳያመልጣቸው በጥድፊያ ሄዱ። መኪናው ግንደወይን ያርፋል፣ ከዚያ ቢቸና ይገባል፤ ባንተአምላክ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እሷ የማትሄድበትን መንገድ እነሱ ይሄዱታል።

ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ስልክ ልታነሳ ስትል አባቷ ጠሯት።

"እኛ ስንሰማውም ይቆጠርለታል?"

"ይቆጠርለታል አባባ።"

"ለአንድ ጊዜ ስንት ያገኛል?"

"ሳንቲሞች ናቸው። ያውም አንድ ሳንቲም ከሞላ።"

አቶ ባየ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። በዚህ ቤት ጾም ከገባ ዘፈን አይከፈትም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ስልኩ ዝም ይላል፣ መንገዱም ይረዝማል።

"እንግዲያው ዛሬን አታጥፊው" አሉ። "ነገ ጾም ነው።"

ሥርጉት ዘፈኑን መልሳ ከፈተችው። የሚኒባሱ ሞተር ተነሳ።