ካርቶን ብቻ የሚያነብ ስካነር

«የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው የእህቴን ልጅ አላየውም። መሐንዲስ ነው አሉ። ከጓደኛው ጋር መዳፍ ውስጥ ጥፍት የሚል የባርኮድ ስካነር እሠራለሁ ብሎ፣ ሶፋዬ እስኪጎደጉድ ሁለት ዓመት ሳሎኔ ተኛ። አሁን የሥራ ክፍል ተከራይተው እዚያው ያድራል። እኔ ፓስታ የማሽግበት መጋዘን ስካነሩን ካልገዛቸው ግን ክፍሉ ይዘጋል፤ እሱም ወደ ሶፋዬ ይመለሳል። አያድርስ!

ለመጋዘኑ ሊያሳዩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሄጄ አየኋቸው። ነጭ ካርቶን ላይ ባርኮድ ለጥፈው፣ በማስመሪያ አስተካክለው፣ ስካነሩ ጢጥ ባለ ቁጥር ያጨበጭባሉ።

«አየሽ አክስቴ? አንድም አልሳተም!»

«እኛ የምናሽገው ካርቶን ነው?»

ጓደኛው ፈገግ አለ። «እማማ፣ ባርኮድ የትም ቢለጠፍ ያው ባርኮድ ነው።»

ከቦርሳዬ አንድ እሽግ ፓስታ አውጥቼ ፊቱ ዱብ አደረግሁለት። ላስቲኩ እንደ ተቀባ ራሰ በራ ያብለጨልጫል። ስካነሩን ፊት ለፊት ደቀነበት። ዝም። ደገመው። ዝም።

«ገመዱ ይሆናል» ብሎ ነቅሎ ሰካው። ሁለት ዲግሪ በአንድ እሽግ ፓስታ ላብ በላብ ሆነ!

«ገመዱ ምን አደረገህ? መብራቱ ላስቲኩ ላይ ነጥሮ የስካነሩን ዓይን አጠፋው እንጂ!» አልኩና እጁን ያዝ አድርጌ ትንሽ አዘነበልኩት። ጢጥ። የላስቲክ ስፌት መብራት ሥር ስፈትሽ ሠላሳ ዓመት እሽግ ያዘነበልኩ ሰው ነኝ።

«በቃ፣ አዘንብላችሁ ያዙ ብለን መመሪያ እንጽፋለን» አለ ጓደኛው።

«በቀን ሁለት ሺህ እሽግ የሚያነሳ ሰው አንጓው ለእናንተ ስንፍና ይጠምዘዝ? የስካነሩን ዓይን አዘንብሉት!»

የእህቴ ልጅ ስካነሩን ፈታው። ከዚያ ከሚያመልኩት ካርቶን ቁራጭ ቆርጦ ከስካነሩ ዓይን ሥር ወትፎ አዘነበለው።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ ስካነሩ አንድም እሽግ አልሳተም። ሥራ አስኪያጁ ተደንቆ፣ «ዓይኑን ማዘንበሉ ላይ እንዴት ደረሳችሁ?» አለ።

«ሰፊ ጥናት አድርገን ነው» አለ የእህቴ ልጅ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ጥናቱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ፓስታ ያሽግ ነበር።

ውሉን ፈርመው ሲወጡ ጠጋ አለኝ። «አክስቴ፣ እንዴት ነበርኩ?»

«ሶፋውን ጠዋት ሸጬዋለሁ» አልኩት።