አምስቱ የዝይ ጫጩቶች

መኪያ በሆዷ ተኝታ በክርኗ እየተሳበች ወደ ቄጠማው ስትጠጋ ቀዝቃዛ ጭቃ በጃኬቷ እጅጌ ገባ። ሱሉልታ ያለውን ጥብቅ ረግረግ ስምንት ዓመት የጠበቁት ኦቦ ዲሪባ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

"ሱታ፣ ቀስ በይ ልጄ። ከዚህ አልፈሽ ከተጠጋሽ እናትየው ትነሳለች።"

"አምስቱም አሉ ኦቦ?"

"ጠዋት አምስት ነበሩ።"

መኪያ አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሱሉልታ ቤት ከተከራየች ወዲህ እሑድ እሑድ ካሜራዋን ይዛ የውሃ ወፍ ፍለጋ ትወጣለች። ባለፈው እሑድ ክንፈ ሰማያዊዋን ዝይ ከነጫጩቶቿ ስታይ የካሜራው ባትሪ አልቆባት ነበር። ያየችውን፣ የወፍ ፎቶ በሚያነሱ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብትጽፍ፣ "ዳክዬ ይሆናል እህቴ" ብሎ ሙሄዲን የሚባል አንድ አባል አሾፈባት። ሌሎቹም ሳቁ።

ቄጠማው ተነቃነቀ። ቡናማዋ እናት አንገቷን ጀርባዋ ላይ እንደሰበሰበች ብቅ አለች፤ አምስቱም ጫጩቶች ተከታትለዋት ውሃው ውስጥ ገቡ። መኪያ ፎቶ አከታትላ አነሳች።

"ሰማያዊውስ?" አለች በሹክሹክታ። "ክንፏን ካልዘረጋች አሁንም አያምኑኝም።"

"እናስደንግጣት እንዳትዪኝ ብቻ።"

"ኧረ በጭራሽ፤ እንጠብቃለን።"

እግሯ እስኪደነዝዝ ጠበቁ። በኋላ ከላያቸው ጭልፊት አለፈ። ዝይቱ ክንፎቿን እስከ ጫፍ ዘርግታ ጫጩቶቿን ከለለች፤ ያ ለስላሳ ሰማያዊ ወለል ብሎ ታየ።

"ያዝኳት ኦቦ፤ ያዝኳት" አለች፣ ካሜራውን ወደ እሳቸው እያዞረች።

ኦቦ ዲሪባ ኮፍያቸውን አውልቀው የካሜራውን ስክሪን ብዙ ቆይተው አዩ። "አምና ሰው ሊያይ ግር ብሎ ሲመጣ እንቁላሎቿን ትታ ሄዳ ነበር" አሉ።

መኪያ አጥሩ ጋ እስኪደርሱ አላስቻላትም፤ ፎቶውን እየተራመደች ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ስልኳ ያለማቋረጥ ይንጫጫ ጀመር። "ይቅርታ እህቴ፣ አንደኛ ነሽ" ብሎ ጻፈ ሙሄዲን። ወዲያው ደግሞ፣ "ቅዳሜ በሁለት መኪና እንመጣለን። ረግረጉ ሰፊ ነው፤ በየት በኩል ነው ያገኘሻት?"

"እኔም እመጣለሁ" ይላል ከሥሩ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ። ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር። ኦቦ ዲሪባ የአጥሩን በር ከፍተው ይጠብቋታል።

"በምሥራቅ በኩል፣ ከቄጠማው" ብላ ጻፈች። ሳትልከው አጠፋችው።

"ጫጩቶቹ መብረር ሲችሉ እነግራችኋለሁ" ብላ ላከችና ስልኳን ኪሷ ከተተች።